ከመደበቅ በፊት መፈለግ

ባለፈው ክረምት የልጄ ልጅ ከአሜሪካ መጥቶ አዘዞ እኔ ዘንድ ከረመ። ዕድሜው 12 ነው። በመጣ በሳምንቱ ክዳን ያላት የፕላስቲክ ዕቃ፣ እርሳስና ቁራጭ ወረቀት ጠየቀኝ። ለምን እንደፈለገው ሳልጠይቅ ሰጠሁት፤ ጥፋቱ እዚህ ላይ ጀመረ።

በሦስተኛው ቀን ጎረቤቴ እጇ እየተንቀጠቀጠ መጣች። ከአጥሯ ሥር ቁጥርና የማይነበብ ጽሑፍ ያለበት ወረቀት በዕቃ ተደርጎ ተቀብሮ አግኝታለች። በሰው አጥር ሥር የተቀበረ ነገር እኛ ዘንድ ምን ተብሎ እንደሚታሰብ አንባቢ አያጣውም። ልጆቿን ጸበል አስጠምቃ፣ መተት ያሠራባት ማን እንደሆነ ስታሰላስል ነው ያደረችው። ዕቃዋን ሳያት የገዛ ራሴ የበርበሬ ዕቃ ናት! ለ30 ዓመት ቡና ስንጠራራ ኖረን፣ ያን ቀን የቀዳሁላትን ሳትቀምስ ተነሥታ ሄደች።

ልጁ እያለቀሰ አስረዳኝ። ጨዋታው ጂኦካሺንግ ይባላል። አንዱ ዕቃ ይደብቅና የቦታውን መለኪያ ቁጥር ኢንተርኔት ላይ ያወጣል፤ ሌላው በስልኩ ጂፒኤስ እየተመራ ይፈልጋል፤ ሲያገኝ ስሙን ጽፎ ወደ ቦታው ይመልሳል። የጀመረው ሚያዝያ 25 ቀን 1992 ዓ.ም. በአሜሪካ ኦሪገን ውስጥ ነው። የአሜሪካ መንግሥት የሳተላይቱን ምልክት ሆን ብሎ ማደብዘዙን ባቆመ ማግሥት፣ ዴቭ ኡልመር የተባለ ሰው ባልዲ ደበቀ።

«አንተ ስንት አግኝተሃል?» አልኩት።

«ሦስት። እነሱንም ቀድሞ ያያቸው አባዬ ነው።»

ደንቡን አብረን በስልኩ አነበብነው። መጀመሪያ ቢያንስ 20 ማግኘት ይመከራል። ያለ ባለቤቱ ግልጽ ፈቃድ መሬት ቆፍሮ መቅበር ክልክል ነው፤ የቦታውን ባለቤት ማስፈቀድ ግዴታ ነው። ያ የመጀመሪያው ባልዲ ራሱ ግማሽ አካሉ መሬት ውስጥ ነበር አሉ። ደንቡም ከልምድ የመጣ ነው ማለት ነው።

በማግሥቱ የንስሐ አባታችንን ይዘን ጎረቤቴ ዘንድ ሄድን። ልጁ ጉልበቷን ስሞ ይቅርታ ጠየቃት፤ ስልኩንም ከፍቶ አሳያት። ይቅር አለችው፤ ፊቷ እስኪፈታ ግን ቀናት ወሰደ።

ከዚያ በኋላ ኩኩሉ በዕቃ ጀመርን። እኔ በግቢዬ እደብቃለሁ፣ እሱ ይፈልጋል። ዝናብ ወረቀቱን ሲያበሰብሰው አየ። ቁልቋል ሥር ሲገባ እሾህ ወጋው። አንድ ቀን ከድንጋዩ ካብ ውስጥ አርቄ ብደብቅበት፣ ለማግኘት ሲል ካቡን ግማሽ አፈረሰው። ቆም ብሎ ሲያየው ቆየና፦

«እማዬ፣ ተክለ ሃይማኖት ያለው ፍርስራሽ ውስጥ ልደብቅ አስቤ ነበር። ተውኩት። የሚመጣው ሁሉ ድንጋይ ያነሣል» አለኝ።

ደነገጥኩ። ፍርስራሹ ከአፄ ሱስንዮስ ዘመን የተረፈው ገነተ ኢየሱስ ነው፤ 400 ዓመት ገደማ የቆየ። እኔ በቃል ብከለክለው ኖሮ ምክንያቱ አይገባውም ነበር። ሲፈልግ ነው የገባው።

ወላጆችና አያቶች፣ ልጆቻችሁ ይህን ጨዋታ ቢያመጡ አትከልክሉ፤ ስልክ ላይ ተደፍቶ ከመዋል እግር ማፍታታት ይሻላል። ግን አስቀድማችሁ አብራችሁ ፈልጉ። ቦታው የማን ነው? የሚያልፍ ሰው ምን ያስባል? ልጁ ሲሄድ ማን ይጠብቀዋል? እነዚህን ሳይመልስ አይደብቅ።

አሁን አገሩ ተመልሷል፤ ከአባቱ ጋር 11 ደርሷል። በደወለ ቁጥር ጎረቤቴ ከቡናው ላይ ሆና «ስንት ሞላ?» ትለዋለች። 20 ሲሞላ አጥሯን ፈቅዳለታለች፤ ጠባቂዋ እኔ ነኝ። የበርበሬ ዕቃዬን ግን አልሰጥም።