የመሪጌታው መነጽር

ቅርቡን አጥርቶ የሚያይ፥ ሩቁን ግን የማያይ ሰው ዕድሜው አርባን ሲያልፍ የሚደርስበት ነገር ግራ የሚያጋባ ነው። በአዲስ አበባ የሚኖሩ አንድ መሪጌታ ከተማሪነታቸው ጀምሮ ያለ መነጽር በማዶ የቆመውን ሰው መልክ ለይተው አያውቁም ነበር። መነጽራቸውን ካደረጉ ግን ማዶውንም መጽሐፉንም እኩል ያዩ ነበርና፥ ሠላሳ ዓመት ያህል ስለ ዓይናቸው አላሰቡም። አርባ ሰባት ዓመት በሆናቸው ጊዜ፥ በአንድ የማሕሌት ሌሊት ድጓው በፊታቸው ተዘርግቶ ሳለ፥ ፊደሉ ሲታያቸው ከፊደሉ በላይ የሚጻፈው ረቂቅ ምልክት ጠፋባቸው። በመስመሩ መካከል ያለው ነጥብ ይዘት ይሁን ወይስ ዝንብ የጣለችው እድፍ ይሁን መለየት አቃታቸው። ዜማውን በቃላቸው ያውቁት ነበርና ማንም አልነቃባቸውም። ነገር ግን የድጓ መምህር ተማሪው ሲስት የሚያርመው ምልክቱን እያየ ስለ ሆነ፥ ዓይኔ ጠፍቶ ወንበሬን ልለቅ ነው ብለው ፈሩ፤ ፍርሃታቸውንም ለባለቤታቸው እንኳ ሳይነግሩ ብዙ ወራት ቈዩ።

በእነዚያ ወራት ያደረጉት ሁሉ የሚያሳዝንም የሚያስቅም ነበር። መጽሐፉን ከፊታቸው እያራቁ ይይዙ ጀመር፤ ክንዳቸው አልበቃ ሲል ተማሪውን «አንተ ያዝልኝ፥ ጥቂት ወደ ኋላ በል» ይሉት ነበር። ጧፍ ይጨመርልኝ ማለትንም አበዙ። በጧፉስ አልተሳሳቱም፤ ብርሃን ሲያንስ የዓይን ብሌን ይሰፋልና የቅርቡ ጽሕፈት ይብሱን ይደበዝዛል።

በመጨረሻ ወደ ሐኪም ሄዱ። ሐኪሙም «መሪጌታ፥ ዓይንዎ አልጠፋም፤ ዕድሜ ነው» አላቸው። በዓይን ውስጥ ያለው ሌንስ በልጅነት ለስላሳ ስለ ሆነ ቅርቡን ለማየት ወፈር ይላል፤ ዕድሜ ሲጨምር ግን እየጠነከረ ይሄዳልና እንደ ቀድሞው አይታዘዝም። ሐኪሞች ይህን ፕሬስቢዮፒያ ይሉታል። ቃሉ ከጽርእ የመጣ ነው፤ ፕሬስቢስ ማለት ሽማግሌ ነውና፥ ካህን የሚባልበት ፕሬስቢቴሮስ ከዚያው የወጣ ነው። የእኛም ቀሲስ ከሶርያ ቋንቋ የመጣ ሲሆን ፍቺው ያው ሽማግሌ ነው። እንግዲህ የካህኑ ስምና የደከመው ዓይን ስም ዘመዳሞች ናቸው።

ሐኪሙ ቀጥሎ «እስኪ መነጽርዎን ያውልቁ» አላቸው። ባወለቁም ጊዜ በእጃቸው የነበረው ደቂቅ ጽሕፈት እንደ ወጣትነታቸው ጠርቶ ታያቸው! የመነጽራቸው ኃይል ከዜሮ በታች 3 ዲዮፕትር ነበረ። አንድ ሜትር ለ3 ሲካፈል 33 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል፤ ባዶ ዓይናቸው ያለ ድካም የሚያየው በዚያ ርቀት ያለውን ነው፥ ይኸውም የንባብ ርቀት ነው። ጎረቤታቸው በገንዘብ የሚገዛውን የንባብ መነጽር እሳቸው ከተፈጥሮ አግኝተውት ኖሯል። ኃይሉ 6 ቢሆን ኖሮ መጽሐፉን እስከ 17 ሳንቲ ሜትር ማቅረብ ግድ ይሆንባቸው ነበርና፥ ይህ ዕድል ለሁሉ እኩል አይደለም።

በባንክ የሚሠራው የወንድማቸው ልጅ ግን «ጋሼ፥ መነጽር ማውለቅና ማድረግ ምን ያደክምዎታል» ብሎ፥ በዓይን ላይ የሚቀመጠውን ስስ ኮንታክት ሌንስ መከራቸው። አንድ ሳምንት ሞከሩት። ሩቁን በእውነት አሳምሮ አሳያቸው፤ ነገር ግን ለማንበብ ብድግ የሚያደርጉት መነጽር ስለሌለ ያ የ33 ሳንቲ ሜትር ሀብታቸው ተወሰደ። እንዲያውም ሩቁን የማያይ ሰው መነጽሩን በኮንታክት ሌንስ ሲለውጥ፥ ለቅርቡ ነገር ዓይኑ ከቀድሞው አብልጦ እንዲሠራ ይገደዳል። ስለዚህ በሌንሱ ላይ የንባብ መነጽር መጨመር አስፈለጋቸው፤ ከመነጽር ሊሸሹ የገቡበት ነገር ወደ መነጽር መለሳቸው። አንዱን ዓይን ለሩቅ፥ አንዱን ለቅርብ የማድረግ ዘዴም አለ። ብዙዎች ይለምዱታል፤ ነገር ግን ርቀትን መገመት ስለሚያዳክም በጨለማ ደረጃ ለሚወርድ ሰው አይመችም። ሌንሱ በውኃ እንዳይነካ፥ ተደርጎም እንዳይተኛበት መጠንቀቅ ያሻል፤ ዕጣን በሚጤስበት ሌሊቱን ለሚቆምማ ጣጣው ብዙ ነው።

ቤንጃሚን ፍራንክሊን እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ1785 ዓመት ለወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ፥ የሩቁንና የቅርቡን መነጽር አስቈርጦ እኩሌታውን ከላይ እኩሌታውን ከታች እንዳጋጠመ ይናገራል። በማዕድ ፊት ለፊት የተቀመጡትን ሰዎች ገጽ ማየቱ የፈረንሳይኛ ንግግራቸውን ለማስተዋል እንደ ረዳውም ጽፎአል። በጠረጴዛ ላይ ለሚጽፍ ሰው ይህ መልካም ነው። መሪጌታው ግን ድጓው በአትሮንስ ላይ ከፍ ብሎ ስለሚዘረጋ፥ በታችኛው ክፍል ለማየት አገጫቸውን ወደ ሰማይ ማንሣት ሆነባቸው፤ ተማሪዎቹም የኔታ ምን አዩ እያሉ ጣሪያውን ተመለከቱ።

በመጨረሻ የቀድሞውን መነጽር ክር አሰሩለት። አሁን ተማሪው ድጓውን ሲዘረጋ፥ የኔታ መነጽራቸውን ወደ ደረታቸው እስኪያወርዱ ድረስ ይጠብቃል። መልሰው ከፍ ባደረጉት ጊዜ ደግሞ በማዶ ግድግዳ ተደግፈው የሚያንቀላፉት ሁሉ ቀና ይላሉ።