ሮዙ ወይስ ብርቱካናማው?

ሽቶ መምረጥ ቀላል ነው የምትሉ እስቲ እጃችሁን አውጡ! እህቴ ተድራ ከአሶሳ ወደ ደብረ ብርሃን ልትሄድ ነው። ስጦታዬ ሽቶ ነው፤ ብሬ ደግሞ ለአንድ ብልቃጥ ብቻ ይበቃል።

እጩዎቹ ሁለቱም የኤምሬቶቹ ላታፋ ሥራዎች ናቸው። ሮዙ «ያራ» በመንደሪንና በኦርኪድ ጀምሮ ቫኒላ ላይ ያርፋል። ብርቱካናማው «ያራ ቱስ» ግን ማንጎ፣ ኮኮናትና ጃስሚን ነው። ማንጎ! በወቅቱ ማንጎ ከዛፍ ስር በሚረገጥበት አሶሳ ለማንጎ ሽታ መክፈል ለቀባሪው ማርዳት አይሆንም ወይ?

አንዱን በቀኝ፣ ሌላውን በግራ አንጓዬ ላይ ረጨሁና ግማሽ ሰዓት ገበያ ዞርኩ። ወዲያው መፍረድ አያዋጣማ! አልኮሉና ቀላሉ የፍራፍሬ ሽታ ቀድመው ይተናሉ፤ በሙቀት ደግሞ ይብስባቸዋል። ስመለስ ያራ ለስላሳ ዱቄት ዱቄት ይላል፤ ቱስ ላይ ማንጎው ጩኸቱን ቀንሶ ከአበባው ጋር ታርቋል።

በአፍንጫዬ ብቻ ቢሆን ያራን እገዛ ነበር። ግን የሚሸተተው እዚህ አይደለም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ማንጎ የሚያበቅል ጓሮ የላትም። እዚህ ትርፍ የሆነው ሽታ እዚያ ብርድ ውስጥ የአገር ቤት ወሬ ነው።

ቱስን ገዛሁ። እናንተም ለሚሄድ ሰው ስትመርጡ፣ የሚደርስበትን አገር አስቡ።