ማንበብ የተወ ሰው ከየት ይጀምር?



በየቤታችን መጽሐፍ የሚጠላ ሰው ጥቂት ነው፤ መጽሐፍ የተወ ሰው ግን ሞልቷል። ተማሪ ሳለ ልብ ወለድ ከእጁ የማይለየው ሰው ትዳር ሲይዝ፣ ልጅ ሲወልድ፣ ሥራ ሲበዛበት ቀስ በቀስ ይተወዋል። ዛሬ ደግሞ የቀረችውን ትርፍ ጊዜ ስልክ ወስዷታል።

እዚህ ቢሾፍቱ አብራኝ የምታስተምር አንዲት የሦስት ልጆች እናት አለች። የ8ኛ ክፍል ተማሪ ልጇን «ስልኩን አስቀምጪና አንብቢ» ብትላት፣ ልጅቱ ያለ ክፋት «እማ፣ አንቺ ስታነቢ እኮ አይቼሽ አላውቅም» ብላ መለሰችላት። ይህች ቃል እናቲቱን ስትቆጠቁጣት አደረች። በማግስቱ ስታፍ ውስጥ አገኘችኝና «እስኪ ምን ላንብብ? ከ14 ዓመት ወዲህ አንድ ልብ ወለድ አልጨረስኩም። ሁለት ገጽ ሳልገፋ ሐሳቤ ይበተናል» አለችኝ። ጥያቄው የሷ ብቻ አይደለምና የመከርኳትን ለእናንተም ላካፍላችሁ ወደድኩ።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ማጥራት ያስፈልጋል። «ልብ ወለድ ውሸት አይደለም ወይ?» የሚሉ ወገኖች አሉ፤ ባለቤቷም ይህንኑ ጠይቋታል። በመድረሳ ዐረብኛን ጠለቅ አድርጎ የተማረ ሰው የአል-ሐሪሪን «መቃማት» ያውቀዋል። በ1122 (እ.ኤ.አ) ያረፈው ይህ የበስራ ሊቅ አቡ ዘይድ አስ-ሰሩጂ የሚባል አንደበተ ርቱዕ አታላይ እያዘዋወረ 50 ወጎችን ጽፏል። ዑለማዎችም ለዘመናት ቋንቋ ተምረውበታል። ውሸት ማለት እውነት ነው ተብሎ እንዲታመን የሚነገር ነገር ነው። ልብ ወለድ ግን ምን እንደሆነ ገና ከሽፋኑ ይናገራል። እርግጥ የተጻፈ ሁሉ ይነበባል ማለት አይደለም። ሰላት የሚያሳልፍ፣ ጸያፍ ነገርን የሚያለማምድ መጽሐፍ ቢቀር ይሻላል።

ሁለተኛው ነገር መጠን ነው። ቁርኣን ስንቀራ ኡስታዛችን ሱራውን በአንድ ቀን አልጫኑብንም። ሎሁ ላይ የምትጻፈው ጥቂት ነበረች፤ እሷ ስትያዝ ሎሁ ይታጠብና ሌላ ይጻፍበታል። ልብ ወለድን ከአላህ ቃል ጎን ማስቀመጤ አይደለም፤ አላህ ይጠብቀን። ነገር ግን የሚበተን ሐሳብ የሚሰበሰበው በዚያው መንገድ ነው። ከዒሻ በኋላ ስልኩን ሌላ ክፍል ትቶ 10 ገጽ ብቻ ማንበብ ይበቃል። በዚህ ስሌት 500 ገጽ ያለው መጽሐፍ በ50 ቀን ያልቃል።

ታዲያ በየትኛው ይጀመር? ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ዝነኛ የተባለውን ትልቅ መጽሐፍ አንስቶ በ30ኛው ገጽ ይደክመዋል። እኔ ለእህታችን በመጀመሪያ የሰጠኋት የሱዳኑን ደራሲ የጠይብ ሳሊህን «የዘይን ሠርግ» ነው። በዐረብኛ የተጻፈ፣ ወደ እንግሊዝኛም የተተረጎመ አጭር ልብ ወለድ ነው። በዓባይ ዳር ባለች መንደር ሰው ሁሉ የሚስቅበት ዘይን የመንደሩን ምርጥ ልጃገረድ ሊያገባ ነው ተብሎ ወሬው ይነዛል። በመንደሩ ሰዎች የሚፈልጉት ግን እምብዛም የማይወዱት ኢማም አለ፤ ሁሉ የሚያከብረው ሐኒን የሚባል ደግ ሰውም አለ። ቀዬው የራሳችን ቀዬ ይመስላል። በአንድ ሳምንት ጨረሰችው። ዋናው ነገር ይኸው ነበር፤ አንድ መጽሐፍ የጨረሰ ሰው ሁለተኛውን አይፈራም።

ሁለተኛው በ1958 ዓ.ም የታተመው የሐዲስ አለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። ከ500 ገጽ በላይ ስለሆነ መጀመሪያ በጆሮዋ እንድትጀምረው መከርኳት። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከውን ቅጂ እንጀራ ስትጋግር ከፍታ ትሰማ ጀመር። ጥቂት ቀን ሰምታ መጽሐፉን ራሷ ፈለገችው።

እውነቱን እንነጋገር፤ በቀደሙት የአማርኛ ልብ ወለዶች ውስጥ የሙስሊም ቤት እምብዛም አይታይም። የ«ፍቅር እስከ መቃብር» ዓለም የጎጃም ደብርና ገዳም፣ የባላባት ግቢ ነው። እኛ የምንገባው እንደ እንግዳ ነው። እንግዳ ግን ጎረቤቱን ያውቃል፤ አንዳንዴም በጎረቤቱ ቤት የራሱን ያገኛል። በዛብህ ወላጆቹ በስለት ለቤተ ክርስቲያን የሰጡት ተማሪ ነው። እህታችን ስለ ቆሎ ተማሪ ኑሮ፣ ከቤተሰብ ርቆ በየደጁ እየለመኑ ስለ መማር ስታነብ አያቷ ትዝ አሏት። አያቷ በወጣትነታቸው ወሎ ወርደው የቀሩ ደረሳ ነበሩ። እንዴት እንደተማሩ፣ ማን እንዳበላቸው ጠይቃ አታውቅም። አያቷ ቢያርፉም አባቷ በሕይወት አሉና ደወለችላቸው። አንድ ሰዓት ሙሉ አወሩላት፤ ልጆቿም ዙሪያዋን ተቀምጠው ሰሙ። ፊታውራሪ መሸሻ በዘር ሐረግ ኩራት ሰብለ ወንጌልን ካለ ትዳር ማስቀመጣቸውም በቤቷ ሌላ ጨዋታ አስነስቷል። «ከማን ዘር ነው?» ብሎ አማች መመለስ በኛም ዘንድ የለም ልንል አንችልምና።

ቀጥሎ የአቤ ጉበኛን «አልወለድም» አስቀምጬላታለሁ። በድህነትና በግፍ ወደ ሞላ ዓለም አልወጣም ብሎ በማኅፀን ሆኖ ስለሚሟገት ልጅ የሚተርክ ነው። በዘመኑ መታገዱ ቃሉ የት እንደነካ ያሳያል። የበዓሉ ግርማን «ኦሮማይ» ግን ለኋላ አቆየሁት። በ1975 ዓ.ም ወጥቶ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ የተሰበሰበው ይህ መጽሐፍ የኤርትራን ጦርነትና የቀይ ኮከብ ዘመቻን የሚያሳይ ነው። ደራሲው በየካቲት 1976 ዓ.ም ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። የአዋቂ መጽሐፍ ነው፤ መጠጥም ሴሰኝነትም ስላለበት ለ8ኛ ክፍል ልጅ አልሰጠውም።

ለልጅቱ የመረጥኩላት የአንደሉሱን ሊቅ የኢብን ጡፈይልን «ሐይ ኢብን የቅዛን» ነው። በ12ኛው መቶ ዘመን የተጻፈ ሲሆን፣ ሰው በሌለበት ደሴት ሚዳቋ ያሳደገችው ልጅ በገዛ አእምሮው እየመረመረ ፈጣሪውን ሲያውቅ ያሳያል። ጠለቅ ያለ ስለሆነ እናት ዐረፍ ብላ ታሪኩን በራሷ ቃል ብትነግራት ይበጃል። በቤታቸው ኦሮምኛ ስለሚነገር የዳባ ወዬሳን «ጎዳኒሳ»ም ጨምሬያለሁ፤ ሰው በአፍ መፍቻ ቋንቋው ሲያነብ ድካሙ ይቀንሳል።

መጽሐፍ ለመግዛት አቅም የሚያንሰው ቤት ብዙ ነው። አምስት ጎረቤታሞች አንድ አንድ ቢገዙና ቢዋዋሱ ግን እያንዳንዱ ቤት አምስት ያነባል። ደግሞም 50 ገጽ አንብባችሁት ያልገባላችሁን መጽሐፍ ያለ ሐፍረት መልሱት፤ ምናልባት ጊዜው አልደረሰ ይሆናል። የተዋችሁት መጽሐፉን ነው እንጂ ማንበብን አይደለም።

አላህ ጠቃሚ ዕውቀትን ይወፍቀን፤ ጊዜያችንንም በረካ ያድርግልን። ወሰላሙ ዓለይኩም።