ማን ይሙት ተብሎ ይማላል?

አያቶቻችን ቃላቸውን ሲያጸኑ «ኃይለ ሥላሴ ይሙት!» ይሉ ነበር። ዘውዱ በ1967 ዓ.ም. ሲወርድ ያ መሐላም አብሮ ቀረ። «እናቴ ትሙት» ግን ስደቱን ተሻግሮ ካርቱም፣ ዴም ሠፈር ድረስ መጥቷል። ዛሬ ሹም የሚምለው ለሕገ መንግሥት ነው፤ የሚሞትበት ሰው የለምና ሳይቀለው አይቀርም።

ለስደተኛ የሚበጀው የሐኪም መሐላ ነው። የዓለም ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1948 ያወጣው የጄኔቭ ቃል የበሽተኛው ዜግነት፣ ሃይማኖት ወይም ፖለቲካ በሐኪሙና በግዴታው መካከል እንዳይገባ ያስምላል። መታወቂያ ለሌለው ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ከባዱ የዜግነት መሐላ ነው። ከካርቱም ተነሥቶ አሜሪካ የገባ ወንድማችሁ እዚያ ዜጋ ሲሆን ቀኝ እጁን አንሥቶ ለሌላ መንግሥት የነበረውን ታማኝነት ሁሉ መተዉን ይምላል። የእኛም ሕግ አይለሳለስም፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378 የሌላ አገር ዜግነት በፈቃዱ የያዘን ሰው ኢትዮጵያዊነቱን እንደተወ ይቆጥረዋል። ታዲያ ከዳ ማለት ነው? እኔ አልልም። የተወው መንግሥትን ነው እንጂ እናቱን አይደለም። ካላመናችሁኝ ሐዋላ የምትቀበለዋን እናቱን ጠይቁ።