ገንዘቡን አልነካሁትም
ንጉሡ ታመው ልጃቸው በእንደራሴነት በገዙበት ዘመን (እ.ኤ.አ. 1811-1820) በእንግሊዝ አገር የሚሆን የፍቅር ጨዋታ እየጻፍኩ ነው። መድረክም ተመልካችም የለውም፤ ሁሉም ገጸ ባሕርይውን ሆኖ ያመሻል። ጓደኛዬ ሐሳቡን ስትሰማ «እኛ ጥቁሮቹ ሻይ አቅራቢ ልንሆን ነዋ!» አለች። የለም። ጄን ኦስተን ራሷ በ1817 ጀምራው ሳትጨርሰው በሞተችው «ሳንዲተን» ውስጥ ሚስ ላምብ የምትባል፣ ከካሪቢያን የመጣች ሀብታም ክልስ ወጣት አለች። ስለዚህ በኔ ጨዋታ ማንም የፈለገውን ይሆናል፤ ወንዱ እመቤት፣ ሴቷም ጌታ።

ገንዘቡን ግን አልነካሁትም። ውርስ ለበኩር ልጅ ብቻ ነው፤ ሌላው ወይ ሀብታም ያገባል ወይ ይደኸያል። ይሄ ጭንቀት ከሌለማ ድሃውን «እሺ» ማለት ምን ያስከፍላል?

ጓደኛዬ ሚስ ላምብን ትታ ቤሳ የሌለውን ታናሽ ወንድም መረጠች።