ዳገቱን ያሳየኝ ሰው

ሐምሌ 13 ቀን 2013 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁላይ 20 ቀን 2021) በቻይና የሄናን ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ በሆነችው በዠንግዡ ጎርፍ ሲወርድ እዚያው ተማሪ ነበርኩ። ያየሁትን የምጽፈው ሌላው እንዲጠነቀቅበት ነው።

የሄናን ውሃ አራት ቦታ ይከፈላል፤ ከፊሉ ወደ ቢጫ ወንዝ፣ ከፊሉ ወደ ኋይ፣ ከፊሉ ወደ ሃይ፣ ከፊሉም ወደ ያንግትሴ ተፋሰስ ይወርዳል። ዠንግዡ የቢጫ ወንዝ ጎረቤት ናት። ወንዙ ግን ለዘመናት ባከማቸው ደለል ወለሉ ከዙሪያው ሜዳ በላይ ከፍ ስላለ በክትር ታጥሮ ነው የሚያልፈው። በከተማዋ መሀል የሚያልፈው ትንሹ ጂንሽዊ ወንዝ ከደቡብ ምዕራቡ ከፍታ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ወርዶ፣ በጂያሉ ወንዝ በኩል ወደ ኋይ ይሄዳል። እኛ ተማሪዎች ጎርፍ ሲባል የምናስበው ቢጫ ወንዝን ብቻ ነበር።

ዝናቡ የጀመረው ቀደም ብሎ ነው። ያን ቀን ማክሰኞ ከአስር እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ባለው አንድ ሰዓት ውስጥ 201.9 ሚሊ ሜትር ዘነበ። ከተማዋ በዓመት በአማካይ የምታገኘው 640 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። እኔ በጂንሽዊ ዳር ባለው መንገድ ወደ ማደሪያዬ እየሄድኩ ነበር። ውሃው ቁርጭምጭሚቴ ላይ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ጉልበቴን አለፈ። የቆሙ የኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክሎች ተነሥተው መንሳፈፍ ጀመሩ። የእግረኛው መንገድ ከአስፋልቱ አልለይ አለኝ። ፈራሁ።

መንገዱን ልሻገር ስል አንድ ባለ ሱቅ ሽማግሌ ከደረጃው ላይ ጮኸብኝ። ቃሉን በዝናቡ ድምፅ አልሰማሁትም። የመወልወያ እንጨት ይዞ ወረደና ክንዴን ጨበጠ። ከፊቴ፣ አንድ እርምጃ ያህል ራቅ ብሎ፣ ውሃው ይሽከረከር ነበር። እንጨቱን እዚያ ላይ ቀጥ አድርጎ ሰደደው። እስከ እጁ ድረስ ገባ፤ መሬት አልነካም። የፍሳሽ ጉድጓዱን ክዳን ውሃው አንሥቶት ነበር።

ከዚያ በእጁ ወደ ወንዙ አመለከተና ራሱን በእንቢታ ነቀነቀ። ውሃው ሁሉ ወደዚያ ነበር የሚሄደው። እኔም ልሄድ የነበረው ወደዚያው ነበር። ሽማግሌው ግን ወደ ኋላ፣ ወደ ዳገቱ አዞረኝ። ከውሃው ኃይል ጋር መታገል ከባድ ስለነበር ቀስ ብለን ሄድን፤ እሱ በእንጨቱ መሬቱን እየፈተሸ፣ እኔ የእሱን ዱካ እየተከተልኩ፣ በመንገዱ ዳር ያሉትን ዛፎች ከአንዱ ወደ አንዱ እየያዝን። ጥቂት ሰዎችም ከኋላችን ተያይዘው ተከተሉን። ከፍ ብሎ ከተሠራ አንድ ሕንፃ ደርሰን ሁለተኛ ፎቅ ወጣን።

ሌሊቱን እዚያው አደርን። መብራት አልነበረም። አንዲት ሴት በቴርሞስ ያላትን ሙቅ ውሃ ለሁላችን አከፋፈለች።

በኋላ እንደሰማነው በምድር ውስጥ ባቡር 5ኛ መስመር ውሃ ገብቶ 14 ሰዎች ሞተዋል። በክፍለ ሀገሩ በአጠቃላይ 398 ሰዎች ሞተዋል ወይም የገቡበት ጠፍቷል። ጎርፉ በዠንግዡም አላበቃም፤ በቀጣዮቹ ቀናት ከቢጫ ወንዝ ወዲያ ማዶ፣ በሃይ ተፋሰስ ያለችውን የዌይኋይ ከተማን አጥለቀለቀ።

እግዚአብሔር ይመስገን፤ እኔ ተርፌአለሁ። ውሃው ሲጎድል ወደ ሱቁ ሄጄ ሽማግሌውን አመሰገንኩ። ዕድሜ ልኩን የኖረበት ሰፈር ስለሆነ ውሃው ወዴት እንደሚወርድ ማንም ሳይነግረው እንደሚያውቅ ነገረኝ።

እናንተም የምትኖሩበት ሰፈር ውሃ ወደየትኛው ወንዝ እንደሚወርድ በደረቁ ወቅት ጠይቃችሁ እወቁ። ስሙ የገነነው ወንዝ ላይሆን ይችላል። ጎርፍ ሲመጣ ወደ ምድር ውስጥ መተላለፊያ አትውረዱ፤ መሬቱን ሳትፈትሹ አትርገጡ፤ ቤታችሁ ቁልቁል ከሆነ ወደ ቤታችሁም ቢሆን አትሂዱ። ዳገቱን ያዙ።