አፈር መሳዩ ወፍ

ወፍ ለማየት ከከተማ የሚወጣ ሰው ዓይኑ አስቀድሞ የሚሮጠው ወደ ቀዩና ወደ አረንጓዴው ነው። እኛም ብዙ ጊዜ እንዲሁ ነበርን። ከቢሮ በተረፈን የዕረፍት ቀን ጫካ ለጫካ ስንዞር፥ በደብተራችን ከጻፍናቸው ወፎች መካከል አመድ ወይም አፈር የሚመስል አንድም አልነበረበትም። እነዚያን «ተራ ወፍ» እያልን እናልፋቸው ነበር።

ባለፈው ዓመት በጥቅምት ወር፥ ከጡረታቸው በፊት አለቃችን የነበሩ አንድ አረጋዊ «ወደ አንኮበር አብረኸኝ ውጣ» አሉን። ዓይናቸውን ሞራ እየጋረደው ስለ ነበረ፥ ጨርሶ ሳይጨልምባቸው አንድ ወፍ ለማየት ይመኙ ኖሯል።

በመጀመሪያው ቀን ወፍ ዋሻ ከሚባለው ደን ገባን። በዚያም ጉንጩ ነጭ፥ ጅራቱ ረጅም የሆነ አረንጓዴ ወፍ ከዛፍ ወደ ዛፍ ሲሻገር፥ የክንፉ ቅላት እንደ ነበልባል ብልጭ አለ። ያ ቀይ ቀለም በውስጡ መዳብ እንዳለበት ሊቃውንት መርምረው ደርሰውበታል። እኛ ከዚያ መነሣት አልወደድንም። እርሳቸው ግን «ይኼስ ለኔም ዓይን ይታያል፤ እንሂድ» አሉ።

የፈለጉት ወፍ በአንኮበር ገደል አፋፍ ላይ ፍሬ እየለቀመ የሚኖር ትንሽ ወፍ ነው። በሳይንስ ዘንድ የታወቀው በቅርቡ ሲሆን፥ እ.ኤ.አ. በ1976 ተገኝቶ በ1979 በአንኮበር ስም ተሰየመ፤ ኋላም በስሜን ተራሮች ታይቷል። የሸዋ ነገሥታት መናገሻ በነበረች ከተማ አጠገብ ይህን ያህል ዘመን ሲኖር ልብ ያለው አለመኖሩ ያስገርማል፤ መልኩን ላየው ግን አያስገርምም።

በማግሥቱ ጧት፥ ነፋሱ ፊት በሚገርፍበት አፋፍ ላይ፥ አንድ እረኛ ልጅ በጣቱ አሳየን። አራት ወይም አምስት ይሆናሉ፤ ካልተንቀሳቀሱ ከጓሉ አይለዩም።

«ምን ይመስላል?» አሉን አረጋዊው።

«ቡናማ ነው፥ ጋሼ።»

«ቡናማማ ስንቱ ነው! ቡላ ነው ወይስ ዳለቻ? ወይስ ወደ ዳማ ይወስደዋል?»

አፈርን። አባታችን የጠፋ በሬ ሲያፈላልጉ መልኩን የሚናገሩበት ቃል አያልቅባቸውም ነበር፤ እኛ ልጃቸው ግን አሥራ ሁለት ዓመት ተምረን አንድ ቃል ብቻ ቀረችን። መነጽራችንን እንደገና አነሣን። ጀርባው ቡላ ሆኖ ጠቆር ያለ ሰረዝ አለበት፤ ራሱ ላይ ነጣ ያሉ ቀጫጭን ሰረዞች ይታያሉ፤ ሆዱ ፈዘዝ ይላል፤ መንቁሩ ትንሽና ሹል ነው። አንዱን ስንናገር ሌላውን ይጠይቃሉ፤ ስንመልስ ያላየነውን እናያለን። ግማሽ ሰዓት ያህል እንዲህ ቆየን።

ስለ ላባ ካነበብነው አንድ ነገር ያን ጊዜ ትዝ አለን። ቡናማውንና ጥቁሩን የሚሰጠው ሜላኒን የሚባለው ቀለም ላባውን ያጠነክረዋል፤ ቶሎ እንዳይበላም ያደርገዋል። ከጭልፊት ዓይን መሰወሩም ሌላ ጥቅም ነው። ይህን ብንነግራቸው «ታዲያ ጌጥ ነው የሚሠራው ካባ?» ብለው ሣቁ።

በመጨረሻ «አየሁት!» አሉ፤ እጃቸውንም ዘረጉ። ያመለከቱት ግን ወፎቹ ካሉበት ጥቂት ፈንጠር ብሎ፥ አንድ ድንጋይ ካለበት ነበር።

«አዎን፥ ጋሼ፤ እርሱው ነው» አልናቸው። እስከ ዛሬም እውነቱን አልነገርናቸውም።